11.2 ላይ የቆመው ኮፒ

አጎቴ የቤተሰቡ ማስታወሻ ሰብሳቢ ናቸው። የድሮ ቪዲዮ ካሴቶች ወደ ዲጂታል ተቀድተው፣ የታተሙ ፎቶዎች አንድ በአንድ ስካን ተደርገው መጨረሻቸው ሳሎን ካለው ራውተር አጠገብ የተቀመጠች ባለ ሁለት ዲስክ ናስ ላይ ነው። ናስ ስል ብረቱን ማለቴ አይደለም፤ በኔትወርክ የሚሠራውን የቤት ማከማቻ ነው። ስሙን መጀመሪያ ስነግራቸው «ታዲያ ይሄ ፕላስቲክ አይደል እንዴ?» ብለውኝ ነበር። እስካሁንም «ሳጥኗ» ነው የሚሏት።

አንድ ማታ ደወሉ። 60 ጊጋባይት የሚሆን የቪዲዮ ፎልደር ወደ ላፕቶፓቸው መገልበጥ ጀምረው ኮምፒውተሩ ከ4 ሰዓት በላይ ይቀራል ብሏቸዋል። ፍጥነቱን እንዲያነቡልኝ ጠየቅኋቸው፤ በሰከንድ 4 ሜጋባይት፣ አንዳንዴ 3፣ አንዳንዴ 5። «አንተ ልጅ፣ ሳጥኗ አርጅታለች መሰለኝ። ሌላ ይገዛ?» አሉ።

«ጋሼ፣ እኔ ሳላየው ምንም እንዳይገዙ» አልኳቸውና ለቅዳሜ ተቀጣጠርን።

ይህን ጉዳይ ለመጻፍ ያነሣሣኝ መሀል ላይ «ተፈቷል» ብዬ ዕቃዬን ሰብስቤ ወደ ቤቴ መሄዴ ነው። አልተፈታም ነበር። አንዱ ችግር ሌላውን ከልሎት ነበርና የመጀመሪያውን ሳነሣ ሁለተኛው ብቅ አለ፤ እኔ ግን እሱን እንደ ድል ቆጠርኩት።

ከእኔ በፊት የተሞከረው

ስደርስ ብዙ ነገር ተሞክሯል። ራውተሩ ጠፍቶ በርቷል፣ ናሷም እንዲሁ። ላፕቶፑ ላይ የማያስፈልጉ ፕሮግራሞች ተዘግተዋል። የኢንተርኔት ጥቅሉም ወደ ከፍተኛው አድጓል፤ ይሄኛው ነው ያሳዘነኝ። ከናስ ተነሥቶ ላፕቶፕ ላይ የሚያርፍ ፋይል ከቤት አይወጣም። ከሳጥኗ ወደ ራውተሩ፣ ከራውተሩ ወደ ላፕቶፑ፣ አለቀ። ነገሩን በቃል ከማስረዳት ይልቅ ከውጭ የሚመጣውን የኢንተርኔት ኬብል ከራውተሩ ነቀልኩት። ኮፒው አልተቋረጠም፣ አልፈጠነም፣ አልዘገየምም። አጎቴ ስክሪኑን ትንሽ ካዩ በኋላ «እና ያን ሁሉ ጊዜ ከኢንተርኔቱ ጋር ስጣላ የነበረው…» ብለው ሳይጨርሱት ቀሩ።

አንድ ወዳጃቸው ደግሞ የሲግናል ማራዘሚያ እንዲያስገቡ መክሯቸዋል። እንኳን አላስገቡ። ባለ አንድ ሬዲዮ ማራዘሚያ ከራውተሩ የሰማውን በዚያው ቻናል ላይ ደግሞ ለላፕቶፑ ይናገራል፤ ያው ዳታ አየሩን ሁለት ጊዜ ስለሚይዝ ፍጥነቱ በግማሽ ገደማ ይወርዳል። ሲግናል ጨርሶ የማይደርስበት ክፍል ላይ ይጠቅማል። አጎቴ የሚሠሩበት ክፍል ግን ከራውተሩ የሚለየው አንድ ግድግዳ ብቻ ነው።

ወደ ቁጥሮቹ ልግባ። የላፕቶፑ የዋይፋይ መረጃ ላይ የግንኙነቱ ፍጥነት 72 ይላል፤ ኮፒው 4 ይላል። አጎቴን ግራ ያጋባቸው ይሄ ነበር፤ «72 ሰጥቶኝ 4 የሚያደርሰው የት ጥሎት ነው?» ይላሉ። 72ቱ ሜጋቢት ነው፣ 4ቱ ሜጋባይት። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ 72 ሜጋቢት ማለት በሰከንድ 9 ሜጋባይት ነው። ከዚያ ላይ የዋይፋይን ባሕርይ እንቀንስ። አየሩ ላይ በአንድ ጊዜ የሚናገረው አንድ መሣሪያ ብቻ ነው፤ ሌላው ተራውን ይጠብቃል። የተላከው ሁሉ «ደርሶኛል» የሚል ምላሽ ይፈልጋል፣ የተበላሸው እንደገና ይላካል። በተግባር እጅ ላይ የሚገባው ከተጻፈው ፍጥነት ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ ነው፤ አየሩ ሲጨናነቅ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ ከ9 ውስጥ 4 ማግኘት የሚያስገርም አይደለም። የሚያስገርመው 72ቱ ራሱ ነው። ባለ ሁለት አንቴና ዋይፋይ 5 ላፕቶፕ፣ በ5 ጊጋኸርዝ ላይ (ዋይፋይ ከሚሠራባቸው ሁለት ዋና የሬዲዮ ባንዶች ፈጣኑ ነው፤ ሌላው 2.4 ነው)፣ 80 ሜጋኸርዝ የሚሰፋ ቻናል ይዞ እስከ 866 ሜጋቢት ድረስ ይስማማል። አንድ ግድግዳ ይቀንሰዋል እንጂ ወደ 72 አይጥለውም።

ቅዳሜ

ፋይሉ የሚያልፍባቸው ቦታዎች ብዙ አይደሉም፤ የናሷ ዲስክ፣ የናሷ ፕሮሰሰር፣ ከናሷ ወደ ራውተሩ የሚሄደው ኬብል፣ ራውተሩ፣ አየሩ፣ መጨረሻ ላይ የላፕቶፑ ዲስክ። ሥራውን በወጉ የሚሠራ ሰው እያንዳንዱን ለየብቻ ይለካል። እኔ ግን 72ን ስላየሁ በቀጥታ ወደ አየሩ ዘለልኩ። ጥርጣሬዬ ትክክል መሆኑ ነው ጉድ የሠራኝ።

ላፕቶፑ የተያያዘው በ2.4 ጊጋኸርዝ ነበር። ራውተሩ ሁለቱንም ባንድ በአንድ ስም ነው የሚያሠራጨው፤ የትኛውን እንደሚይዝ የሚወስነው በዋናነት ላፕቶፑ ነው። አጎቴ ላፕቶፑን ጓዳ ድረስ ይዘውት ይዞራሉ፤ እዚያ 5 ጊጋኸርዙ ሲደክምበት ወደ 2.4 ይወርዳል፣ ከዚያ ወደ ሥራ ክፍላቸው ሲመለሱም የያዘውን አይለቅም። አንዳንድ የዋይፋይ ካርድ እንዲህ ችክ ይላል፤ ሲግናሉ ጨርሶ ካልሞተበት በስተቀር ሌላ አይፈልግም።

2.4 ጊጋኸርዝ ጠባብ ነው። እርስ በርስ የማይደራረቡት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው፤ ብሉቱዙም፣ የገመድ አልባው ማውስም፣ የጎረቤት ራውተርም እዚያው ይርመሰመሳል። ግን ስካን ሳደርገው ያን ያህል የተጨናነቀ አልነበረም። ሁለት ደካማ የጎረቤት ሲግናሎች አየሁ፣ በቃ። ይሄ ብቻውን አልመሰለኝም።

አጎቴ ቀደም ሲል የተናገሩት አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ «ማታ ማታ ይብሳል» ብለዋል። ማታ ምን እንደሚለይ ስጠይቃቸው አላወቁትም። የናሷን የጊዜ ሰሌዳ ከፈትኩት። በየቀኑ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ራሷን ወደ አንድ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ትገለብጣለች። ዲስኩ በዩኤስቢ 3.0 ነው የተሰካው፤ የተቀመጠው ደግሞ ራውተሩ ላይ ነው። አጠገቡ አይደለም፣ ላዩ ላይ፣ አንቴናውን ተደግፎ።

ዩኤስቢ 3.0 በሰከንድ 5 ጊጋቢት የሚያመላልስ መስመር ነው፤ ሲሠራ የሚረጨው የሬዲዮ ጫጫታ ሰፊ ነው፣ ከፊሉም ልክ 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ያርፋል። ኢንቴል በ2012 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ለክቶ ባወጣው ጽሑፍ ገመድ አልባ ማውስን የመሰሉ የ2.4 ጊጋኸርዝ መሣሪያዎች ከዩኤስቢ 3.0 ዲስክ አጠገብ ሲሆኑ እንዴት እንደሚደነቁሩ አሳይቷል። በደንብ ያልተሸፈነ ኬብል ሲሆን ደግሞ ይብሳል። የአጎቴ ዲስክ ኬብል ቀጭን ናት፤ ከሌላ ዕቃ የተረፈች ትመስላለች።

ዲስኩን ነቀልኩት። የግንኙነቱ ፍጥነት ከ72 ተነሥቶ 130 ላይ ረጋ፣ ኮፒውም ወደ 7 ወጣ። ማታ ማታ መባሱ ታዲያ ሁለት ምክንያት አለው ማለት ነው፤ አንዱ ጫጫታው፣ ሌላው ናሷ በዚያ ሰዓት የራሷን ዲስኮች በባክአፕ ጠምዳ መያዟ። የትኛው የበለጠ እንደከበደ ለይቼ አልለካሁም፤ ሁለቱንም በአንድ ላይ አነሣኋቸው። ባክአፑን ወደ ሌሊቱ 9 ሰዓት ወሰድኩት፤ ዲስኩን ደግሞ ረዘም ባለ፣ ወፈር ባለ ኬብል ከራውተሩ አርቄ ታችኛው መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት።

ከዚያ የ5 ጊጋኸርዙን ስም ለየሁትና ላፕቶፑን እሱ ላይ ብቻ አሠርኩት። ከአጎቴ ወንበር ላይ ሆኜ ሲግናሉ ከዜሮ በታች 58 ዲቢኤም አካባቢ ነው (የሲግናል ጥንካሬ መለኪያ ነው፤ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ይጠነክራል)፤ ጥሩ ነው። የግንኙነቱ ፍጥነት 650 ሜጋቢት። ኮፒውን እንደገና ጀመርኩት።

11.2።

በሰከንድ 11.2 ሜጋባይት። ከ4 ተነሥቶ 3 እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረው። ከ4 ሰዓት በላይ የነበረው ወደ 1 ሰዓት ተኩል ወረደ። አጎቴ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ተሰናብቼ ወጣሁ።

ቀጥ ያለው መስመር

መንገድ ላይ እያለሁ ነው ቁጥሩ የኮሰኮሰኝ። 650 ሜጋቢት በ8 ሲካፈል 81 ሜጋባይት ነው። ግማሹ እንኳ ቢጠፋ 40 መገኘት አለበት። እኔ 11.2 አግኝቼ ነው የጨፈርኩት። በዚያ ላይ 11.2 እንደ ሰው ፊት የማውቀው ቁጥር ነው። የድሮው ኔትወርክ፣ ባለ 100 ሜጋቢቱ፣ የመጨረሻ አቅሙ 12 ተኩል ሜጋባይት ነው፤ ከዚያ ላይ የፓኬቶቹ (ዳታው ተከፋፍሎ የሚላክባቸው ትንንሽ ጥቅሎች) ማሸጊያና የፋይል ማጋሪያው ወግ ሲቀነስ 11 ከምናምን ላይ ይቆማል። እንዴት እዚያው ቁጭ ብዬ አላየሁትም? 4ን እየጠላሁ ስለመጣሁ ነው። ከ4 በላይ የሆነ ሁሉ ያምር ነበር።

ደወልኩላቸው። «ጋሼ፣ ኮፒው አሁንም እየሄደ ነው? እስቲ የፍጥነቱን ግራፍ ይመልከቱልኝ፤ ምን ይመስላል?»

«ቀጥ ያለ ነው። በማስመሪያ የተሰመረ ነው የሚመስለው።»

ይሄ ሁሉንም ነገረኝ። ዋይፋይ በማስመሪያ አይሰመርም። ሰው በክፍሉ ሲያልፍ፣ በር ሲዘጋ፣ ሌላ ስልክ ተራ ሲወስድ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ግራፉ የተራራ ሰንሰለት ይመስላል። ቀጥ ያለ መስመር የሚመጣው የሆነ ቦታ ላይ ጠባብ ቧንቧ ሲኖርና ቧንቧው ሁልጊዜ ሙሉ ሲሆን ነው። ቧንቧው ከአየሩ ውጭ ነው ማለት ነው። «ዋይፋዩ ቀርፋፋ ነው» ብዬ የያዝኩት ችግር ግማሹ ዋይፋይ አልነበረም።

በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩ፤ በዚህኛው ጉዞ ግን በቅዳሜ የዘለልኩትን ሠራሁ። ላፕቶፑን በኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኘሁት፣ ዋይፋዩን አጠፋሁ። የላፕቶፑ ፖርት 1000 ሜጋቢት ይዟል፤ ኮፒው ግን ያው 11.2። አየሩ ነፃ ወጣ። ቀጥሎ አይፐርፍ 3 የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ናሷም ላይ ላፕቶፑም ላይ አስነሣሁ። ይሄ ፕሮግራም ከአንዱ ሚሞሪ ወደ ሌላው ሚሞሪ ዳታ እየላከ መስመሩን ብቻ ይለካል፤ ዲስክ አይነካም፣ ፋይል አይከፍትም። ቅዳሜ ያልተጠቀምኩት ናሷ ላይ መጫኑ ጊዜ ይፈጃል ብዬ ነው፤ ፈጀብኝ፣ 6 ደቂቃ። ውጤቱ 94 ሜጋቢት። ዲስኮቹም ነፃ ወጡ፤ «አርጅታለች» የተባለችው ሳጥንም ስሟ ታደሰ። 94 የባለ 100 ሜጋቢት መስመር ፊርማ ነው፤ 94 ሲካፈል ለ8 ደግሞ 11.75፣ ከዚያ ላይ ፋይል ማጋሪያው የራሱን ድርሻ ይወስዳል።

የናሷን የኔትወርክ ገጽ ከፈትኩት። የግንኙነት ፍጥነት፦ 100። ቅዳሜ ባክአፑን ሳስተካክል ከዚህ ገጽ ሁለት ክሊክ ርቄ ነበር።

ናሷም ራውተሩም ባለ ጊጋቢት ፖርት ናቸው። ራውተሩ ላይ ፖርት ቀየርኩ፤ ያው 100። የቀረው ኬብሉ ነው።

ኬብሉ

ናሷና ራውተሩ ጎን ለጎን ናቸው፤ አንድ ክንድ ኬብል ይበቃቸው ነበር። የተሰካው ግን 5 ሜትር የሚሆን ነው፤ ትርፉ በካቢኔቱ ኋላ ወርዶ፣ ተጠቅልሎ፣ ተመልሶ ይወጣል። ለማውጣት ሳብኩት፤ እምቢ አለ። በባትሪ ሳየው የካቢኔቱ አንድ እግር ላዩ ላይ ቆሟል። ከአጎቴ ጋር ካቢኔቱን አነሣነውና ኬብሉን አወጣሁት። ግራጫው ፕላስቲክ አውራ ጣት በምታህል ርዝመት እንደ ተረገጠ ቱቦ ተጨፍልቋል፤ በአንዱ ጠርዝ ተሰንጥቆ ሰማያዊዋ ሽቦ በስንጥቁ ትታያለች። ላዩ ላይ «ካት 5ኢ» የሚለው ጽሑፍ ሳይነካ ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ጽሑፉ እውነት ነው፤ ጊጋቢት ለመሸከም የተሠራ ኬብል ነው።

የኬብል መፈተሻዬ ቀላል ናት። ኬብሉን ሁለት ጫፏ ላይ ስትሰኩት ከ1 እስከ 8 ያሉ መብራቶች በተራ ብልጭ ይላሉ። 1፣ 2፣ 3፣ ከዚያ ጨለማ፣ ከዚያ 5፣ 6፣ 7፣ 8። ተረገጠ ያልኩትን ቦታ በጣቶቼ ጠበቅ አድርጌ ሳጎብጠው 4ኛዋ ብልጭ ትላለች፤ ስለቅ ትሞታለች። አጎቴም ይዘው ሞከሩት፣ ሦስት አራት ጊዜ፤ እንደ መጫወቻ አደረጉት።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። ኬብሉ ውስጥ 8 ሽቦዎች አሉ፣ ሁለት ሁለት ሆነው የተጠማዘዙ፣ አራት ጥንድ። ባለ 100 ሜጋቢቱ ኔትወርክ የሚጠቀመው ሁለቱን ጥንድ ብቻ ነው፤ 1 እና 2፣ 3 እና 6። ጊጋቢት አራቱንም ይፈልጋል። ሁለት መሣሪያዎች ሲገናኙ መጀመሪያ ይደራደራሉ፤ «ስንት ትችላለህ?» «1000፣ አንተስ?» ይባባላሉ። ድርድሩ የሚካሄደው ግን በእነዚያው በጤነኞቹ ሁለት ጥንዶች ነው፤ ስለዚህ በ1000 ይስማማሉ። ሊጀምሩ ሲሉ አንድ ጥንድ ሙት ነው። ይሞክራሉ፣ አይሳካም፣ እንደገና ይሞክራሉ። ዛሬ ያሉት አብዛኞቹ የኔትወርክ ቺፖች ከጥቂት ሙከራ በኋላ ዝቅ ብለው በ100 ይስማማሉ። ምንም ማስጠንቀቂያ አይመጣም። ኢንተርኔት ይሠራል፣ ፎልደሩ ይከፈታል፣ ፊልሙ ሳይቆራረጥ ይታያል፤ ለከፍተኛ ጥራት ቪዲዮ እንኳ 100 ሜጋቢት ይተርፋል። የሚያጋልጠው ትልቅ ኮፒ ብቻ ነው፤ ያኔም ሰው ዋይፋዩን ይከሳል። ኬብል ተቆርጦ ሙሉ በሙሉ ቢሞት በ5 ደቂቃ ይገኝ ነበር።

ብዙ መሣሪያዎች ላይ ከፖርቱ አጠገብ ያለችው መብራት ቀለሟ ፍጥነቱን ትናገራለች፤ የትኛው ቀለም የትኛው እንደሆነ ግን እንደ አምራቹ ይለያያልና መመሪያውን ማየት ይሻላል። የአጎቴ ናስ መብራቷ ብርቱካናማ ነበረች። «እኔማ ቀለሟ ያምራል ብዬ ነው» አሉ። በአጭር አዲስ ኬብል ስቀይረው አረንጓዴ ሆነች።

ካቢኔቱ መቼ እንደተንቀሳቀሰ ጠየቅኳቸው። ግድግዳው ቀለም ሲቀባ። ቀርፋፋነቱስ መቼ ጀመረ? አሰቡ፣ ዝም አሉ፣ ከዚያ ሣቁ። ቅዳሜ ዕለት ይህንኑ ስጠይቃቸው «ቀስ በቀስ ነው» ብለውኝ ነበር። ሰው ሆን ብሎ አይደለም፤ ትልቅ ፋይል የሚገለብጡት በወር አንዴ ሁለቴ ስለሆነ፣ ኬብሉ የተረገጠበትን ቀን ከሌላው ቀን የሚለዩበት ነገር አልነበራቸውም። እኔ ግን «ቤት ውስጥ የተነሣ ወይም የተዛወረ ዕቃ አለ?» ብዬ ብጠይቅ ኖሮ መልሱ ወዲያው ይመጣ ነበር።

በኬብል ስለካው ኮፒው 112 ሜጋባይት፤ ለጊጋቢት መስመር ሙሉ አቅም ማለት ነው። በዋይፋይ ከአጎቴ ወንበር 52 አካባቢ፣ ግራፉም እንደሚገባው ከፍ ዝቅ የሚል። የ60 ጊጋባይቱ ፎልደር በ19 ደቂቃ አለቀ። ለጨዋታ ያህል የድሮውን 2.4 ጊጋኸርዝ ደግሜ ሞከርኩት፤ ኬብሉ ድኖም ከ7 አላለፈም። ቅዳሜ በኬብሉ ጀምሬ ቢሆን ኖሮ እንግዲህ ቀይሬው ምንም ለውጥ ሳላይ፣ «ኬብሉ አይደለም» ብዬ አልፈው ነበር። ጠባቡ አየር ሰፊውን ኬብል ይከልለዋል፤ አየሩ ሲሰፋ ደግሞ ኬብሉ ጠባብ ሆኖ ይገኛል።

ደግሞ 11

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ስልኬ ጮኸ። «ያው ተመለሰ! 11 ብሏል!»

ልቤ ወረደ። አእምሮዬ ወዲያው ወደ ኬብሉ ሄደ፤ ካቢኔቱን ደግሞ አንቀሳቅሰውት ይሆን? ግን የናሷን መብራት ሲያዩልኝ አረንጓዴ ናት። ምን እየገለበጡ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ስካን የተደረጉት ፎቶዎች፣ ሙሉ ፎልደሩ፣ 14,000 ፋይል። እያንዳንዱ በአማካይ 300 ኪሎባይት የማይሞላ ትንሽ ፎቶ፣ ድምሩ 4.2 ጊጋባይት ገደማ።

«ግራፉስ ጋሼ? እንደ ባለፈው ቀጥ ያለ ነው?»

«የለም፣ ይሄኛው ጥርስ ጥርስ አለው። እንደ መጋዝ።»

ተነፈስኩ። ያ 11 እና ይሄ 11 አይዛመዱም፤ በአጋጣሚ የተገናኙ ናቸው። አንድ ትልቅ ፋይል ሲገለበጥ ላፕቶፑ አንዴ «ክፈትልኝ» ይልና ዳታው ሳያቋርጥ ይፈስሳል። 14,000 ትንንሽ ፋይል ሲሆን ግን ለእያንዳንዱ «ክፈት፣ መጠኑን ንገረኝ፣ ቀኑን ንገረኝ፣ ስጠኝ፣ ዝጋ» እየተባለ ይኬዳል፤ እያንዳንዷ ቃል ደርሳ መልሷ እስክትመጣ መጠበቅ አለ። በኬብል ላይ ይህ ምልልስ ከአንድ ሚሊሰከንድ ያንሳል፤ ዋይፋይ ላይ ጥቂት ሚሊሰከንድ ይሆናል፣ ተራ ስለሚጠበቅ። በዚያ ላይ የናሷ ዲስክ እየተሽከረከረ ጭንቅላቱን ወደ እያንዳንዱ ፎቶ ይወስዳል፣ ላፕቶፑም የደረሰውን ሁሉ በፀረ ቫይረስ ይፈትሻል። ለአንድ ፋይል በጠቅላላ 20 ሚሊሰከንድ ብቻ ይባክናል እንበል። በ14,000 ሲባዛ 280 ሰከንድ። ዳታው ራሱ በ52 ሜጋባይት ለማለፍ 81 ሰከንድ ነው የሚፈልገው። ድምሩ ከ6 ደቂቃ ትንሽ ይበልጣል፣ አማካዩም 11.6 ይሆናል። ቧንቧው ባዶውን እየጠበቀ ነው የሚውለው፤ ብናሰፋው ለውጥ የለም።

መፍትሔው ቧንቧውን ትቶ ፋይሎቹን ማሰባሰብ ነው። የናሷ የፋይል ገጽ ላይ ፎልደሩን ወደ አንድ ዚፕ የሚያሽግ ምርጫ አለ፤ ሥራው እዚያው ሳጥኗ ውስጥ ስለሚካሄድ በአየር ላይ የሚያልፍ ነገር የለም። አጎቴ ሲሞክሩት መጀመሪያ ከፍተኛውን የማመቂያ ደረጃ መረጡና የናሷ ደካማ ፕሮሰሰር ሲያቃስት ቆየ። የጄፔግ ፎቶ አስቀድሞ የታመቀ ነው፤ ዚፕ ቢያስጨንቁት ምንም አያጠብበውም። «ሳያመቅ፣ እንዳለ» የሚለውን እንዲመርጡ ነገርኳቸው። አንድ የታሸገ ፋይል ሆኖ ሲመጣ እንደ ቪዲዮዎቹ በ50 ዎቹ ውስጥ ሄደ።

የ2.4 ጊጋኸርዙን ስም አላጠፋሁትም፤ ፕሪንተሩና ጓዳ ያለችው ሬዲዮ ሌላ አያውቁም። የተረገጠውን ኬብል ልጥለው ስል አጎቴ ከለከሉኝ፤ መፈተሻዬንም አስቀሩት። ሰው ሲመጣ 4ኛዋን መብራት እያበሩና እያጠፉ ያሳያሉ አሉ።

ባለፈው ሳምንት ደወሉ። ፎልደር እየገለበጡ ነው፣ ቀርፏል። ምንም ሳልጠይቃቸው «ቆይ ግራፉን ልየው» አሉና ዝም አሉ። ከዚያ «ጥርስ ጥርስ ነው። ፎቶ ነዋ! በል ደህና ዋል» ብለው ዘጉት።